ለአንድ ቀን ወደ ቬኒስ



እንግዳ የሚከብደው ሲሰነብት ነው ማለት የተለመደ ነው። በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በቬኒስ ከተማ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ የከበደው ጠዋት ገብቶ ማታ የሚመለሰው እንግዳ ሆኗል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ዛሬ ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቬኒስ ከባሕር ተከፍሎ በቀረ ጥልቀት የሌለው ውሃ መካከል፣ በ118 ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። ደሴቶቹን ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ያገናኟቸዋል። የጥንቶቹ ሕንፃዎች መሠረት በጭቃው ውስጥ የተተከለ የእንጨት ችካል ነው፤ ከጭቃው በታች አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ እንጨቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ይኖራል። በመኪና ፈንታ ያለው ጀልባ ነው፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ቤት፣ ሬሳው ወደ መካነ መቃብር፣ የየቤቱም ጥራጊ ወደ ውጭ የሚወሰደው በጀልባ ነው።

ጥንት ወደዚህች ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ደክሞ ይደርስና ይሰነብት ነበር። በ1402 ከዐፄ ዳዊት ዘንድ የተላኩት መልእክተኞች ነብሮች ጭምር ይዘው የደረሱትም ረጅም መንገድ ተጉዘው ነው። በድንገት ተነሥቶ መሄድ የተቻለው ግን የባቡሩ ሐዲድ በ1846፣ የመኪናውም መንገድ በ1933 በድልድይ ከየብስ ጋር ካገናኟት ወዲህ ነው። ዛሬ በሚላኖ ያደረ ሰው ማለዳ ተነሥቶ «እስቲ ቬኒስን አይቼ ልመለስ» ቢል፣ በፈጣኑ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ከጣቢያው ደጅ ሲወጣም ታላቁን ቦይ ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል።

ችግሩ እንዲህ ያሰበው እርሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕዝቡ ሁሉ በተቀራረበ ሰዓት ደርሶ ወደ ሪያልቶ ድልድይና ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች ይጎርፋል። የሚያድረው እንግዳ በሆቴሉ በኩል ለከተማይቱ ግብር ይከፍላል፤ የቀኑ እንግዳ ግን ይህን ሳይከፍል ጥራጊውን ትቶ ይሄድ ነበር።

ነዋሪውም እየተመናመነ ሄደ። በ1951 በጥንታዊቱ ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። ለዚህ ምክንያቱ የቀኑ እንግዳ ብቻ አይደለም። ቤት ተወዷል፤ ብዙው መኖሪያ ለአዳሪ መንገደኛ ይከራያል፤ ለነዋሪው ዳቦና አትክልት ይሸጥበት የነበረው ሱቅም የጌጥ ጭንብል መሸጫ ሆኗል።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ሕዝብ በሚበዛባቸው 29 ቀኖች የቀን እንግዳ 5 ዩሮ እንዲከፍል ደነገገ። በ2025 ቀኖቹ 54 ሆኑ፤ አስቀድሞ የተመዘገበው 5 ዩሮ ሲከፍል፣ በመጨረሻዎቹ ቀኖች የወሰነው 10 ዩሮ ከፈለ። ይኸውም በድንገት በሚነሣው መንገደኛ ላይ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በከተማይቱ የሚያድረው ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው። ደንቡን የሚቃወሙ ነዋሪዎች በበኩላቸው፣ ሰው የሚኖርባት ከተማ እንደ ቤተ መዘክር በቲኬት ሊገባባት አይገባም ይላሉ፤ ገንዘቡም የመንገደኛውን ብዛት አይቀንሰውም ባዮች ናቸው።

በ1966 የባሕሩ ሙላት 194 ሴንቲሜትር ደርሶ ከተማይቱን አጥለቅልቋት ነበር። ይህን ለመከላከል በሦስቱ የባሕር በሮች 78 ታላላቅ የብረት መዝጊያዎች ተሠርተው፣ በኦክቶበር 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ሙላቱን ገቱት። ባሕሩን በብረት መዝጋት ተቻለ፤ የሄደውን ነዋሪ የሚመልስ መዝጊያ ግን አልተገኘም።

እንግዲህ ከመካከላችን ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደዚያ የሚላክ ቢኖር፣ የሚቻለው እንደ ሆነ አንድ ሌሊት ይደር። የማይቻለው ቢሆን ደንቡን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከዋናው መንገድም ፈቀቅ ብሎ ነዋሪው ከሚበላበት ይብላ፣ ከሚገዛበትም ይግዛ። ከተማ የሚቆመው በሚኖርበት ሰው ነውና።