ከመግሪብ በኋላ ደጅ ለሚያመሹ

ጂንካ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጥቂት ነው። ቡናው የሚፈላው፣ ልጆች የሚጫወቱት ደጅ ነው። የወባ ትንኝም መንከስ የምትጀምረው ገና ሰው ሳይተኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ወባ አይርቃትም፤ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ ይብሳል። አጎበር የተኛን ይጠብቃል፤ ደጅ ያመሸውንስ?

የአርብቶ አደሩ መላ ጭስ ነው። ኩበት ያጨሳል፤ ከብቱም ሰውም ይጠጋበታል። ብዙ እናቶች ደግሞ ጥንጁት ወይም የሽቶ ባሕር ዛፍ ቅጠል ፍም ላይ ጣል ያደርጋሉ። ይህ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ባሕር ዛፍ በምዕራብ ኬንያ ተፈትኖ ትንኝን በእርግጥ ቀንሷል። ታዲያ ምድጃው በነፋሱ መምጫ በኩል፣ ከቤት ውጭ ይሁን። ሕፃን ጭስ ውስጥ አይቀመጥ፤ ሳንባው አይችለውም። ነጭ ሽንኩርት መብላት ትንኝ ያርቃል የሚባለው ግን ተሞክሮ ውጤት አልታየበትም፤ ለወጡ ይቆይልን! ከፋርማሲ ቅባት የገዛ ደግሞ ዉዱእ ሲያደርግ እንደሚታጠብ አይዘንጋ፤ መልሶ ይቀባ።

ወደ ማጎ ለሚወርድ ነጋዴና ሹፌር ነገሩ ሌላ ነው። ከብትን በገንዲ የሚፈጀው ቆላ ዝንብ የሚነክሰው በቀን ነው፤ ስስ ልብስም አያግደውም። ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል፤ ወጥመዱም የሚሠራው ከዚሁ ቀለም ጨርቅ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ፣ አፈርማ ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ፤ መኪና ሲሄድ ስለሚከተል መስኮቱን ይዝጉ።

ጭሱ ንክሻን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ልጅዎን ካተኮሰው ቅጠል ሲያጥኑ አይደሩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር።