ከትርፍ ቤት ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፥ ከገደል ሥር በዋሻ ውስጥ የታነፀውን የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። የስሙም ትርጓሜ አብን እናመስግነው ማለት ነው። በዚያ ዋሻ ከጣራው ዐለት ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩም ከዘመን ብዛት የጐደጐዱ የድንጋይ ገንዳዎች ተቀምጠው ጠብታውን ይቀበላሉ፤ ካህናቱም ጠበል አድርገው ለመጣው ሁሉ ያድሉታል። ጠብታው በየራሱ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ተቀባዩ ድንጋይ ስላልተሰነጠቀ፥ አዳዩም ለራሱ ስላላስቀረው ለብዙ ሰው ይደርሳል። የሕዝብ ገንዘብም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከገበሬው ግብር፥ ከነጋዴው ቀረጥ፥ ከደመወዝተኛው ኪስ በጠብታ ይሰበሰባል፤ የሚጠቅመውም ገንዳው ደኅና፥ አዳዩም የታመነ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ገንዘብን ለትርፍ ሲያሠራ የኖረ ባለሙያ ወደ መንግሥት ገብቶ የአገር ኢኮኖሚ መሪ ሲሆን፥ ምን ይዞ እንደሚመጣ፥ ምንስ ትቶ መምጣት እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በዘመናችን በዐይናችን ያየነው ነው። ዶክተር እዮብ ተካልኝ ወደ መንግሥት ሥራ ከመግባታቸው አስቀድሞ፥ ሹልዝ ግሎባል ኢንቨስትመንትስ በሚባል በአገራችን ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ በሚያፈስስ ድርጅት ይሠሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፤ በ2018 ዓ.ም. መግቢያም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አቶ ማሞ ምሕረቱም በዓለም ባንክ ድርጅቶች አገልግለው፥ የመንግሥትን ትልልቅ ኩባንያዎች በአንድነት ለያዘው ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ከዚያም በጥር 2015 ዓ.ም. ወደ ባንኩ ገዥነት ተዛውረው፥ በ2017 ዓ.ም. ፍጻሜ ሥራቸውን ለቀቁ።

ይህ አካሄድ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነው ማለት ግን አይቻልም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ፥ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ባላክሲዮኖች ትርፍ ፈልገው የመሠረቱት ቤት ነበረ። መንግሥታችን በ1923 ዓ.ም. ያን ቤት በኢትዮጵያ ባንክ የተካው፥ ለባለ አክሲዮን የሚተጋ ባንክና ለአገር የሚተጋ ባንክ አንድ እንዳልሆኑ ስለ ተረዳ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላም በኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ላይ አሜሪካዊው የባንክ ሰው ጆርጅ ብሎወርስ ገዥ ሆኖ ሠራ፤ አዲሱም የኢትዮጵያ ብር በ1937 ዓ.ም. በእርሱ ጊዜ ወጣ። ይኸው ሰው ኋላ የሳውዲ ዐረቢያ የገንዘብ ድርጅት የመጀመሪያ ገዥ ሆኗል። ከኢትዮጵያውያንም አቶ ተፈራ ደግፌ የንግድ ባንክን ሲያስተዳድሩ ቈይተው፥ በአብዮቱ መጀመሪያ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆኑ። ባንኮች ሁሉ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የመንግሥት ንብረት ሲደረጉ በንግድ ባንክ የለመዱት ዓለም በአንድ አዋጅ ሲለወጥ ተመለከቱ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ባለሙያ ምን ያውቃል? ገንዘብ ያለው ሰው ሥራ ያጣል፤ ሥራ ያለው ሰው ገንዘብ ያጣል፤ የኢንቨስትመንት ባንክ ሰው በሁለቱ መካከል ቆሞ ያገናኛቸዋል። የአንድ ኩባንያ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ይመረምራል፤ አክሲዮን ያሸጣል፤ ብድር ያዋውላል፤ ስለ ድካሙም ኮሚሲዮን ይቀበላል። ሒሳብን ይጠይቃል፤ ተስፋን ከቍጥር ይለያል። መንግሥት ይህን ዕውቀት ሲሻ አይፈረድበትም። በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት፥ እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ባለሙያ ማቆም ባልተቻለም ነበር።

ነገር ግን በሁለቱ ሥራ መካከል ሰፊ ገደል አለ። ለትርፍ የሚሠራው የሚወደውን መርጦ ይገባል፤ ያልበጀውን ሸጦ ይወጣል። መንግሥት ግን ላስታ ድንጋያማ ናት፥ ዝናቧም ያንሳል ብሎ ሸጦ ሌላ አገር ሊገዛ አይችልም። ባለ ገንዘቡ የሚጠየቀው በዓመት መጨረሻ ትርፉ ስንት ነው ተብሎ ነው፤ ሹሙ የሚጠየቀው ግን ከትርፉ በፊት ማን ተጐዳ ተብሎ ነው።

በዚህ ነገር ላይ በላስታ የሚነገረው ትውፊት ብዙ ያስተምራል። ቅዱስ ላሊበላ በንግሥት መስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀለት። ዐሥራ ስምንት ወር ያህል ከነገሠ በኋላ ግን፥ ወታደሮች ለንጉሥ ማዕድ ነው ብለው የአንድ ድኻ ገበሬን አንዲት ላም ነዱበት። ንግሥቲቱም ይህን በሰማች ጊዜ፥ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ መከረችው ይባላል። የታሪክ ሊቃውንት ከዚህ ትውፊት በስተጀርባ የመንግሥት ሽኩቻ ሳይሸፈን እንዳልቀረ ይጠረጥራሉ። እኛ ግን ከዚህ ወስደን የምናስተውለው ሌላ ነው። ነአኩቶ ለአብ ከቅዱሳን የሚቈጠር ንጉሥ ነው፤ ላሚቱን የነዳት እርሱ አይደለም፤ ምናልባትም አላወቀም። ቢሆንም መንግሥቱ የተመዘነው በጽድቁ ሳይሆን በድኻው ላም ነው። ከላይ በቅን ልብ የወጣ ሥርዐት፥ ከታች ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚነዳ ያላየ ሹም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።

ይህ ቃል ምሳሌ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የቅርቡን ነገር እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያው ጊዜ የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ፈቀደ፤ ብሔራዊ ባንክም የወለድ መሪ ተመኑን 15 ከመቶ አደረገ።

የዚህን ምክንያት የላስታ ሽማግሌ ከማንም በተሻለ ሊረዳው ይችላል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሓ ተነሥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ሲገባ፥ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቍጥር ከጨው ምድር በተራቀ መጠን ይቀንስ ነበር። ይህን የወሰነ ሹም አልነበረም፤ የመንገዱ ርዝመት፥ የአጋሰሱ ድካም፥ የኬላው ቀረጥና የመንገዱ ሰላም ነበሩ እንጂ። አንድ ሹም ተነሥቶ አሞሌ በሁሉ አገር በአንድ ዋጋ ይሸጥ ብሎ ቢያውጅ፥ ጨው ከገበያው ይጠፋና በሌሊት በጓዳ ይሸጥ ነበር። የዶላሩም ነገር እንዲሁ ነበር፤ በባንክ አንድ ዋጋ፥ በጓዳ ሌላ ዋጋ። ገንዘብ ዐዋቂዎቹ ይህን ሁለት ሚዛን መስበር ይገባል ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ሚዛኑ ሲስተካከል ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ወደቀ? ከውጭ አገር እንግዳ በዶላር የሚቀበል የሆቴል ባለቤት ገቢው በብር ሲቈጠር ሊያድግ ይችላል። በብር ደመወዝ የሚኖረው መምህርና የመንግሥት ጸሐፊ፥ ከምእመናን ጥቂት የሚቀበለውም ካህን ግን ዘይቱንና መድኃኒቱን በአዲሱ ዋጋ ይገዛል። የገበሬው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። መንግሥት በማዳበሪያ፥ በነዳጅ፥ በመድኃኒትና በምግብ ዘይት ላይ ለጊዜው ድጎማ እንዲኖር ማድረጉ፥ ይህን ስለ ተረዳ ነው። ድጎማው ግን በወረቀት ተጽፎ ሳለ በመንገድ ላይ ከቀለጠ፥ የገበሬው ላም ተነዳች ማለት ነው።

በላሊበላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ ወዲህ፥ ከተማዪቱ ብዙውን ጊዜ የምትኖረው በእንግዳ ነው። በመጀመሪያ በሽታው፥ ቀጥሎም ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ ጦርነቱ ሲደርስባት እንግዳው ቀረ። የዶላር ዋጋ ሁለት እጥፍ ቢሆን ዶላር ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ለሌለው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ይህ ነገር በሒሳብ ሰሌዳ ላይ አይታይም። ገበያን የሚያቆመው ሰላም መሆኑን፥ ምንዛሪ ሰላምን ተከትሎ እንደሚመጣ እንጂ እንደማይቀድመው፥ የጥንቱ የሰቆጣ ነጋዴ ያውቅ ነበር።

የሌላውንም ዓለም ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ሮበርት ሩቢን ከጎልድማን ሳክስ የባንክ ቤት ወጥቶ፥ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 የገንዘብ ሚኒስትር ነበረ። የተቀማጭ ባንክንና የኢንቨስትመንት ባንክን የሚለየው አሮጌ ሕግ እንዲነሣ ደገፈ፤ ከሥልጣን በወረደበት ዓመትም ይህ መለያ እንዲነሣ ይሻ በነበረው በሲቲግሩፕ ተቀጠረ። ያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕዝብ ገንዘብ ከውድቀት ዳነ። ከዚያው ከጎልድማን ሳክስ የመጣው ሄንሪ ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ሚኒስትር ሲሆን፥ በቀድሞ ቤቱ የነበረውን አክሲዮን ሸጠ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 ኤ አይ ጂ የተባለው የዋስትና ኩባንያ በመንግሥት ርዳታ ሲታደግ፥ ከዚያ ርዳታ 12.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለጎልድማን ሳክስ ስለ ደረሰ የሕዝቡ ጥርጣሬ ከሰውዬው አልተለየም። እጁ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ሰው ሊታማ እንደሚችል ይህ ያሳያል። በሌላ ወገን ማሪዮ ድራጊ ከዚሁ ቤት ወጥቶ የጣሊያንን፥ ኋላም የአውሮፓን ማዕከላዊ ባንክ መርቷል። ማርክ ካርኒም እንዲሁ የካናዳንና የእንግሊዝን ባንክ መርቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2025 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ሀብቱን ራሱ በማያዝበት አደራ ሥር አኖረ።

ለካህናት አንባቢዎቻችን ግን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ዮሴፍ ነው። በሰው ቤት ሹም ሳለ ታማኝነቱን ስላሳየ የግብፅን ግምጃ ቤት ተረከበ፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አከማችቶ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝቡን አዳነ። ይሁን እንጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው፥ ሕዝቡ ከረኃብ ለመዳን መጀመሪያ ብሩን፥ ቀጥሎ ከብቱን፥ በመጨረሻም መሬቱን ለፈርዖን እንደ ሰጠ ያስታውሳል። የካህናቱ መሬት ብቻ ሳይሸጥ ቀረ። እንግዲህ መልካሙ ምክር እንኳ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። ከሸክሙ የዳነ ወገን ደግሞ ያልዳነውን ወገን ማሰብ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንሰበስበው ምክር አጭር ነው። ነጋዴ የነበረ ምእመን የደብር ገበዝ ሆኖ ቢመረጥ፥ የሒሳብ ዕውቀቱን ይዞ ይገባል፤ ሱቁን ግን በቅጥሩ ውጭ ይተዋል። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚገዛውን ጧፍና ዕጣን ከራሱ ሱቅ የገዛ እንደ ሆነ፥ ዋጋው ትክክል ቢሆን እንኳ ሙዳየ ምጽዋቱ ይታማል። ከገንዘብ ዓለም ወደ መንግሥት የገባ ሹምም እንዲሁ ያድርግ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ለዚህ የተሰጠ አጥር ነው፤ አጥሩም የሚጠብቀው የሕዝቡን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሹሙንም ስም ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ተረት በመሥሪያ ቤቶቻችን እየተነገረ እስካለ ድረስ፥ የተማረ ሰው ብቻውን አገርን አያድናትም።

ሁለተኛም ሹሙ በሕዝቡ ቋንቋ ይናገር። ተንሳፋፊ ምንዛሪና የወለድ ተመን የሚለው ቃል ለላስታ ገበሬ ባዕድ ነው፤ አሞሌና ማርትሬዛ ግን ባዕድ አይደለም። ከሕዝቡ መካከል ቆመው ይህን ሊተረጕሙ የሚችሉ ካህናትና የወረዳ ሹማምት ናቸውና፥ እነርሱም ነገሩን ራሳቸው ተምረው ያስተምሩ።

ሦስተኛም ሹሙ ሒሳቡን በአዲስ አበባ ከዘጋ በኋላ ወርዶ ይመልከት። የብሔራዊ ባንክ አዲሱ አዋጅ፥ ቁጥር 1359/2017፥ የዋጋን መረጋጋት የባንኩ ዋና ዓላማ አድርጎታል። ይህ ቃል በእውነት የሚመረመረው በገዥው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ፥ አንዲት እናት ጤፍና ዘይት በምትጠይቅበት ቦታ ነው።

በነአኩቶ ለአብ ዋሻ የድንጋዩ ገንዳ ውኃውን ራሱ አይጠጣውም፤ ይቀበላል፥ ይጠብቃል፥ ይሰጣል። ከትርፍ ቤት ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት የሚሻገር ሰው በዕውቀቱ ገንዳውን ያስፋው፤ ከጠብታውም ለራሱም ሆነ ለቀድሞ ጌቶቹ አያስቀር። የድኻው ላም በበረቷ ስታድር የታየች እንደ ሆነ፥ ሹመቱ በተገባው ሰው እጅ እንደ ገባ ያን ጊዜ እናውቃለን።