ያውቁ ኖሯል? ፔል ግራንት ብድር አይደለም

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ፔል ግራንት እንደማይመለስ ያውቁ ኖሯል? ወለድ የለውም፤ ከምርቃት በኋላም ከደመወዝ አይቆረጥም። አገር ቤት ኮስት ሼሪንግ ፈርሞ የተማረ ሰው፣ መንግሥት ለትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ አንድ ቀን የሚከፈል ዕዳ ሊመስለው ይችላል። ይኼኛው ድጎማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር፣ ዝቅተኛው ደግሞ 740 ዶላር ነው። በየዓመቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ያገኙታል።

ስሙ የመጣው ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ከክሌይቦርን ፔል ነው። ሰውየው ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ፤ ከ1961 እስከ 1997 በሴኔት ሲቀመጡ ግን የድሃ ልጅ ኮሌጅ መግባቱን የዕድሜ ልክ ጉዳያቸው አደረጉት። ድጎማው በ1972 በሕግ ጸድቆ በ1973 መሰጠት ሲጀምር ከፍተኛው 452 ዶላር ብቻ ነበር። በእርሳቸው ስም የተጠራው በ1980 ነው። መሠረቱን የጣለውን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኖቬምበር 8 ቀን 1965 የፈረሙት ቴክሳስ፣ ሳን ማርኮስ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ሐቅ፦ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፍተኛው ፔል በመንግሥት የአራት ዓመት ኮሌጅ ለመማር ከሚያስፈልገው ወጪ፣ ምግብና መኝታ ተጨምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ይሸፍን ነበር። ዛሬ አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ከፍተኛው መጠን ከ2023–24 ጀምሮ ከ7,395 ፈቀቅ አላለም፤ የኑሮ ዋጋ ግን አልቆመም። ኮንግረስ ይህን ማስተካከል አለበት።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲሆን ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ነዋሪዎቿን የምታስከፍለው በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው፤ በዓመት 30 ክሬዲት ለሚወስድ 1,380 ዶላር ይሆናል። ኮሌጁ የራሱን ቀንሶ የተረፈውን ለተማሪው ይሰጠዋል፤ ለመጽሐፍ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለአውቶቡስ ይሆነዋል። ለኑሮ የዋለው ክፍል ታክስ ሊከፈልበት እንደሚችል ግን ይያዙልኝ።

በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርዱን ይዞ በመጀመሪያው ዓመት ማመልከት እንደሚችልስ ያውቃሉ? ዜግነት መጠበቅ አያስፈልግም። «መጀመሪያ አንድ ዓመት ኑር» የሚባለው ብዙ ስቴቶች ለነዋሪዎቻቸው የሚያደርጉትን የክፍያ ቅናሽ የሚመለከት ነው፤ ከፔል ጋር አይገናኝም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን አያገኝም፤ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላም ብቻውን አያበቃም።

የሚታየው የተማሪው የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ የወላጆቹ አይደለም። ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም እንኳ ዜጋ የሆነ ልጁ ይከለከላል ማለት አይደለም።

አሁን ብዙ የአገራችንን ሰው ወደሚነካው ነጥብ እንምጣ። ፔል የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ነው፤ ዲግሪው ከየትም አገር ይሁን። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ የመጣ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ አንድም አሠሪ ባይቀበልለት፣ ነርስነት ልማር ብሎ ሲመለስ የተለመደውን ፔል አያገኝም። የማመልከቻው ፎርም ላይ ዲግሪ የለኝም ብሎ መሙላት መፍትሔ አይሆንም፤ ለመንግሥት የሚቀርብ የሐሰት ቃል ነውና በሕግ ያስጠይቃል። ዲግሪው ከአሜሪካው ጋር እኩል አይደለም የሚል ሰው ማስረጃውን አስተርጉሞ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማቅረብ ይችላል። ዲፕሎማ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በዚህ ምክንያት አይከለከልም።

ለባለ ዲግሪዎቹም አንድ በር ተከፍቷል። በ2025 የጸደቀ ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ግን ከ15 ሳምንት በታች ለሚፈጁ የሙያ ሥልጠናዎች ፔል እንዲሰጥ ፈቅዷል። ሥልጠናው የስቴቱን ገዥና የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ማግኘት አለበት፤ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ግን አያስከለክልም።

ዕድሜ ገደብ የለውም። የ50 ዓመት እናትም ታመለክታለች።

የግድ ሙሉ ሰዓት መማርም አያሻም። ሙሉ ሰዓት ማለት በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳ 6 ክሬዲት የሚወስድ ሰው የድርሻውን ግማሽ ያገኛል። በአጠቃላይ የሚፈቀደው 12 የሙሉ ሰዓት ሴሚስተር ነውና እየዘለሉ ኮርስ መጣል ኋላ ያስቆጫል።

ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪስ? ከተሰጠው ከፊሉን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። አይመለስም የተባለው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ የሚመጣበት ዋናው መንገድ ይህ ነው። ሥራ ወይም ሕመም አላስጨርስ ካለዎት፣ ከመጥፋትዎ በፊት ቢሮውን ያነጋግሩ።

የሚያገኙት መጠን የሚሰላው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ የታክስ ሰነድ ነው። በመካከሉ አባት ከሥራ ቢወጣ፣ እናት ብትታመም፣ ትዳር ቢፈርስ ፎርሙ አያውቅም። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ግን ማስረጃ አይቶ ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ይህን መብት የሚጠይቁት ራስዎ ነዎት፤ ማንም ደውሎ አይነግርዎትም።

በዚህ ስሌት የሚኖሩበት ቤት እንደ ንብረት አይቆጠርም። ንብረት እንዲገልጹ ከተጠየቁ ግን አዲስ አበባ ያከራዩት ኮንዶሚኒየም ይቆጠራል።

ከፔል ሌላ ሴኦግ የሚባል ድጎማ አለ፤ ከ100 እስከ 4,000 ዶላር ይደርሳል። መንግሥት ለየኮሌጁ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሲያልቅ አለቀ። የብዙ ስቴቶች ድጎማም እንዲሁ ቀድሞ ላመለከተ ነው።

የሁሉም መግቢያ አንድ ፎርም ነው፦ ፋፍሳ። በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ጁን 30 ቢሆንም እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው ሌሎቹን ያጣል። ማመልከቻው በነጻ ነው፤ «ገንዘቡን አስገኝልሃለሁ» ብሎ ክፍያ ለሚጠይቅዎ አንድም ሳንቲም አይስጡ። ልጅዎ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ከሆነ ዛሬ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና ጀምሩት።