የሚቃኝ የማይክሮዌቭ ኦሲሌተር

የሚቃኝ የማይክሮዌቭ ኦሲሌተር ማለት ከቀጥተኛ ኮረንቲ ተነሥቶ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ንዝረት የሚያመነጭ፣ የንዝረቱም ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) በሚሰጠው ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ነው። ማይክሮዌቭ የሚባለው በተለምዶ ከ1 እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። በራዳር፣ በሳተላይት መቀበያ እና የሞባይል ማማዎችን እርስ በርስ በሚያገናኝ ሬዲዮ ውስጥ ሁሉ እንዲህ ያለ ኦሲሌተር ይገኛል።

ነገሩን ለመረዳት ማሲንቆ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሩ ብቻውን ቢነካ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ይቆማል፤ ደጋኑ ግን በየንዝረቱ የጠፋውን ጉልበት ስለሚተካ ድምፁ ይቀጥላል። የአዝማሪው ጣት ደግሞ ድምፁን ያቀጥናል ወይም ያወፍራል። በኦሲሌተሩ ውስጥ የክሩን ቦታ የሚይዘው ከኢንዳክተርና ከካፓሲተር የተሠራው ሬዞናተር ነው፤ ደጋኑ ትራንዚስተሩ ሲሆን ጣቱ ቫራክተር የሚባል ዳዮድ ነው።

አሠራር

ሬዞናተሩ ውስጥ ጉልበት በኢንዳክተሩና በካፓሲተሩ መካከል ይመላለሳል፤ በየዙሩም ጥቂቱ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ትራንዚስተሩ ይህን ኪሳራ የሚያካክስ «ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ» ያቀርባል፤ ይኸውም ጉልበት እንደሚበላ ሬዚስታንስ ሳይሆን ጉልበት እንደሚሰጥ ይሆናል። የሚሰጠው ከሚጠፋው ጋር እኩል ብቻ ከሆነ ንዝረቱ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች በመነሻው ላይ የኪሳራውን 3 እጥፍ ያህል ይመድባሉ። ንዝረቱ እያደገ ሲሄድ ትራንዚስተሩ ይደክማል፤ ሁለቱ እኩል በሆኑበት መጠንም ይረጋል።

ቫራክተር በተቃራኒ አቅጣጫ ቮልቴጅ የተሰጠው ዳዮድ ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር በዳዮዱ መካከል ያለው ከኤሌክትሪክ ሙል ነፃ የሆነው ክፍል ይሰፋል፣ ካፓሲታንሱ ይቀንሳል፣ ድግግሞሹም ይጨምራል።

የንድፍ ስሌት

በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ኦሲሌተር እንውሰድ። ኢንዳክተሩ 1 ናኖሄንሪ ቢሆን የሚያስፈልገው ካፓሲታንስ ወደ 1.01 ፒኮፋራድ ነው። ከ4.5 እስከ 5.5 ጊጋኸርዝ እንዲቃኝ ከተፈለገ ካፓሲታንሱ ከ1.25 እስከ 0.84 ፒኮፋራድ መለዋወጥ አለበት፤ ይህም 1.5 እጥፍ ብቻ ነውና ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትራንዚስተሩ ራሱ፣ የሰሌዳው መዳቦችና የብየዳው ነጥቦች ሁሉ የየራሳቸው ካፓሲታንስ አላቸው። ይህ ያልተጠራ እንግዳ በድምሩ 0.5 ፒኮፋራድ ቢሆን ለቫራክተሩ የሚቀረው ከ0.75 እስከ 0.34 ነው፤ አሁን የሚጠየቀው ለውጥ ከ2.2 እጥፍ በላይ ሆነ። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠራ ሰው የማያስተውለው ሁለት ሚሊሜትር መዳብ እዚህ የዑደቱ አካል ነው።

ሰፊ ቅኝት ደግሞ ዋጋ አለው። 1 ጊጋኸርዙ በ10 ቮልት የሚቃኝ ከሆነ እያንዳንዱ ቮልት 100 ሜጋኸርዝ ያንቀሳቅሳል፤ በመቃኛው ሽቦ ላይ የገባ የ1 ሚሊቮልት ሁከትም ድግግሞሹን በ100 ኪሎኸርዝ ያናውጣል። የዘመኑ ቺፖች ይህን የሚያልፉት በዲጂታል ትእዛዝ የሚገቡና የሚወጡ ትናንሽ ካፓሲተሮችን ደርድረው፣ ለቫራክተሩ ጠባብ ክልል ብቻ በመተው ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለጀማሪ ትልቁ ፈተና ኦሲሌተሩን ማስነሣት ሳይሆን ዝም ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ከቫራክተር በፊትም ቅኝት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የቫሪያን ወንድማማቾች የሠሩት ክላይስትሮን ቱቦ ልጅ የሆነው ሪፍሌክስ ክላይስትሮን በቮልቴጅ ይቃኝ ነበር። ዛሬም በመለኪያ መሣሪያዎች ውስጥ የኢትሪየምና የብረት ጋርኔት ትንሽ ሉል በማግኔት መስክ ይቃኛል፤ በ1 ቴስላ ወደ 28 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። ክልሉ እጅግ ሰፊ፣ ንዝረቱም ንጹሕ ነው፤ ግን ዝግተኛና ኮረንቲ የሚበላ ነው።

ከብቸና እስከ ሞጣ

የንድፉ ጥራት የት እንደሚታይ ለማየት በምሥራቅ ጎጃም ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ብቸናና ሞጣ በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚገኙ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያላቸው ከተሞች ሲሆኑ በአየር መስመር 80 ኪሎሜትር ያህል ይራራቃሉ። መሬቱ ፍጹም ለጥ ያለ ቢሆን እንኳ የምድር ክብነት በመካከላቸው ወደ 94 ሜትር ያብጣል (ሞገዱ በአየር ውስጥ የሚታጠፈው ታስቦ)። በ7 ጊጋኸርዝ ለሚሄድ ሞገድ ከዚያ በላይ 29 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ስለዚህ መስመሩን በየከፍታው ላይ በሚተከሉ ማማዎች ከፋፍሎ ማሻገር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ማማም የራሱ ኦሲሌተሮች ይኖሩታል። ጎረቤት መስመሮች እንዳይረባበሹ ለየመስመሩ የተለያየ ድግግሞሽ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ የሬዲዮ ድግግሞሽን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያው አንድ ዓይነት ሬዲዮ በሁሉም ማማ ላይ እንዲያገለግል የሚያስችለው መቃኘቱ ነው።

አሁን መረጃው በ64 ነጥቦች ይላክ እንበል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በስፋቱና በፌዙ ይለያል። በማእዘኑ ላይ ያለው ነጥብ 7.7 ዲግሪ ከዞረ ከጎረቤቱ ጋር ይምታታል። ነጥቦቹ 256 ቢሆኑ የሚፈቀደው 3.7 ዲግሪ ብቻ ነው። የኦሲሌተሩ የፌዝ ሁከት ይህን ትንሽ ቦታ ይሻማል። ሁከት የሚበዛበት ሬዲዮ ጥቂት ነጥቦችን ለመጠቀም ይገደዳል፤ የከተማው ተጠቃሚም ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ያየዋል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም።

የደጋው ቀን ፀሐይና የሌሊት ቁር ሌላ ጣጣ ነው። ድግግሞሹ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ በሚሊዮን 100 እጅ የሚንሸራተት ኦሲሌተር በ20 ዲግሪ ልዩነት ከ5 ጊጋኸርዝ ላይ 10 ሜጋኸርዝ ይስታል፤ ይህ ከጎረቤት ቻናል ውስጥ የሚያስገባ ስሕተት ነው። መብራት ሲጠፋና ማማው ወደ ባትሪ ሲዞር የሚለዋወጠው ቮልቴጅም ድግግሞሹን ይገፋል፤ ለዚህም ለኦሲሌተሩ ብቻ የሚያገለግል ጸጥ ያለ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ይደረጋል። አንቴናው ላይ የሚሆነው ለውጥ ወደ ኋላ እንዳይጎትተውም በመካከል ማጉያ ይገባል።

መንሸራተቱን የሚያስቆመው ግን በፌዝ የተቆለፈ ዑደት ነው። የኦሲሌተሩ ድግግሞሽ ለ500 ተካፍሎ ከ10 ሜጋኸርዝ የኳርትዝ ክሪስታል ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ወደ ቫራክተሩ ቮልቴጅ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ሲሆን የክሪስታሉም ሁከት 500 ጊዜ፣ ማለትም በ54 ዴሲቤል ይባዛል። ስለዚህ ቁልፉ የሚሠራበት ስፋት የሚመረጠው የተባዛው የክሪስታል ሁከትና የኦሲሌተሩ የራሱ ሁከት በሚተካከሉበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ክሪስታሉ ይገዛል፣ ከዚያ ውጭ ኦሲሌተሩ ለራሱ ይተዋል።