ምንም የማያመነጨው ማሽን

ስለ ንፋስ ኃይል ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ንፋሱ ሲቆምስ?» የሚል ነው። የአየርላንድን የኤሌክትሪክ መስመር ለሚቆጣጠሩት ግን ንፋሱ ሲበረታም ሌላ ጣጣ አለ።

በምዕራብ አየርላንድ፣ የሻነን ወንዝ ባሕር በሚገባበት፣ መኒፖይንት የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። ለአሥርት ዓመታት የድንጋይ ከሰል ሲያነድ ኖሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ከሰሉን ተወ። እዚያው ግቢ ውስጥ በ2022 አንድ ግዙፍ ማሽን ተተክሏል፤ ጋራዥ የዋለ ሰው ቮላኖ የሚለው ከባድ የብረት መንኮራኩር አለው፤ ክብደቱ 130 ቶን። ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ እንዲያውም ለመሽከርከር ከመስመሩ ይወስዳል። ዋና ሥራው መዞር ነው።

የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ሁልጊዜ 50 ኸርዝ አካባቢ መቆየት አለበት። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲጠፋ ይህ ቁጥር መውረድ ይጀምራል። በከሰል፣ በጋዝ ወይም በውኃ የሚሠሩ ጄኔሬተሮች ከመስመሩ ጋር እኩል የሚዞር ከባድ ብረት ስላላቸው፣ በውስጡ ያለው ጉልበት መውረዱን ያዘገየዋል። የሚገኘው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሌሎች ማመንጫዎች ደርሰው ጉድለቱን እስኪሞሉ ግን ያቺው ሰከንድ ትበቃለች። ዘመናዊ የንፋስ ተርባይን ኃይሉን የሚያስገባው በኤሌክትሮኒክስ መቀየሪያ በኩል ነው። ክንፉ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ሆን ተብሎ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ክብደቱ ለመስመሩ አይደርሰውም።

እኛ አገር አብዛኛው ኃይል ከግድብ ስለሚመጣ ይህ ብረት በብዛት አለ። አየርላንድ ግን ደሴት ናት፤ ከብሪታንያ ጋር የሚያገናኟት የባሕር ሥር ገመዶችም የዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ናቸው፤ ኃይል ያሻግራሉ እንጂ የጎረቤትን ክብደት አያበድሩም። ስለዚህ መስመሩን የሚመራው ኤርግሪድ ጣሪያ አበጀ፦ ንፋስ፣ ፀሐይና በገመድ የሚገባው ኃይል ተደምሮ ከተወሰነ ድርሻ እንዳያልፍ። ሰው ተኝቶ ፍጆታ በቀነሰበት ንፋሳም ሌሊት ተርባይኖቹ ምርት እንዲቀንሱ ይታዘዛሉ፤ ክንፎቹ ዘወር ብለው ንፋሱን በከንቱ ያሳልፉታል። ያውም በነፃ የሚነፍሰውን! የጋዝ ማመንጫ ግን ለክብደቱ ሲባል ብቻ ነዳጅ እያቃጠለ ይቆያል።

መኒፖይንት የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ከሰሉ ቢቀርም ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፈው መስመር እዚያው ስላለ፣ ቮላኖው ያለ ጭስ ያንኑ ክብደት ይሰጣል። ጣሪያው በአሥር ዓመት ገደማ ከ50 ወደ 75 በመቶ ወጥቷል፤ ለ2030 የታቀደው 95 ነው።