ዶክተር ዊላርድ ቦይልና ፊልም የማያሻው ካሜራ

ቀድሞ በየሱቁ ይሸጥ የነበረው የፎቶግራፍ ፊልም ዛሬ እምብዛም ፈላጊ የለውም። ይህን ገበያ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ካናዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ዊላርድ ቦይል ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ቦይል በ1924 ዓ.ም. በኖቫ ስኮሺያ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ስለ ነበሩ፥ ቤተ ሰቡ በኬቤክ ዱር ውስጥ እንጨት ቈራጮች ወደ ሰፈሩበት መንደር ሄደ፤ በዚያም እስከ 14 ዓመታቸው ድረስ እናታቸው በቤት አስተማሯቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካናዳ ባሕር ኃይል አገልግለው፥ በ1950 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1953 በአሜሪካ በታወቀው በቤል የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ።

በ1969 የተቋሙ አለቆች ለዶክተር ቦይል ክፍል የሚሰጠውን ገንዘብ፥ በማግኔት ኀይል መረጃ ለሚያስቀምጥ መሣሪያ ምርምር ሊያዛውሩት አሰቡ። ክፍሉ ተወዳዳሪ ነገር ካላቀረበ በጀቱን ሊያጣ ሆነ። ስለዚህ በኦክቶበር 17 ቀን ዶክተር ቦይልና ባልደረባቸው ዶክተር ጆርጅ ስሚዝ ተቀምጠው ተመካከሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል በሚሆን ጊዜም ሲ.ሲ.ዲ. የተባለውን መሣሪያ ነደፉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን በሲሊከን ገበታ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ያስነሣል፤ እነዚህም በጥቃቅን ክፍሎች ይጠራቀማሉ። ከዚያም በረድፍ የቆሙ ወዛደሮች ጆንያ እየተቀባበሉ ወደ መጋዘን እንደሚያገቡ፥ እያንዳንዱ ክፍል የያዘውን ለቀጣዩ እያሳለፈ እስከ ጠርዙ ያደርሰዋል። በዚያ መጠኑ ይለካል፤ ከልኩም ሥዕሉ ይሠራል። መሣሪያውን ለሥዕል ማንሻነት በማዋል በስማቸው የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት የዚያው ተቋም ባልደረባ ማይክል ቶምፕሴት ናቸው።

ትርፉ ግን ወደ ሌላ ሄደ። ኮዳክ በ1975 ፊልም የሌለው ካሜራ በገዛ ቤቱ ተሠርቶለት ሳለ፥ ኑሮው በፊልም ሽያጭ ላይ ስለ ነበረ አልገፋበትም፤ በ2012 ከዕዳ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ቀረበ። የጃፓኑ ሶኒ ግን ለብዙ ዓመታት ገንዘብ አፍስሶ፥ በ1980 በሲ.ሲ.ዲ. የሚሠራ የቀለም ካሜራ ለአንድ የአውሮፕላን ኩባንያ አቀረበ።

ዶክተር ቦይልና ዶክተር ስሚዝ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ፤ ዶክተር ቦይልም በ2011 በተወለዱባት በኖቫ ስኮሺያ ዐረፉ። ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ከሲ.ሲ.ዲ. ኋላ የመጣ ሌላ ዐይነት መሣሪያ ነው፤ ሲ.ሲ.ዲ. ራሱም በተራው ገበያውን ለቀቀለት። አዲሱን ዕቃ አስቀድሞ አይቶ በጓዳ ያስቀመጠ ነጋዴ፥ ሌላው በአደባባይ ሲሸጠው ያያል።