«ዋስህ ማነው?»

ሥራ ፈልጋችሁ የምታውቁ ይህችን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። ካሸር፣ ሾፌር ወይም ስቶር ኪፐር ለመሆን ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይምጣ ትባላላችሁ።

ያደግኩት የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር የእኔ የዋስ ጉዳይ በአንድ ከሰዓት አለቀ። አብሮ አደጌ ግን ከእኔ የተሻለ ውጤት አምጥቶ ዋስ አጥቶ ቀረ። እትዬ የምንላቸው እናቱ ያሳደጉት ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየሸጡ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል፤ ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ግን የለም።

በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ተከፍቶበት ዛሬ ሰልፊ የምንነሳበት እንጦጦ ለብዙ እናቶች የሥራ ቦታ ነበር፤ ለአንዳንዶች ዛሬም ነው። ባሕር ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ከተማዋ ማገዶ ስላጠራት ነው። ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተራራው የሚያወርደው ግን የሴት ጀርባ ነው፤ ሸክሙ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ልጅቷም ትንሽ እስር ይዛ ከእናቷ ኋላ ትወርዳለች።

የግል ሥራ ሁሉ አንድ አይደለም። ሾላ ገበያ የሚነግድ አባት ለልጁ ቦታውን፣ ደንበኛውን፣ በዱቤ የሚሰጠውን አከፋፋይ ጭምር ያወርሳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ መወርወሪያውንም ሙያውንም ያገኛል። እንጨት ከተሸከሙ እናት የሚወረሰው ገመድ ነው። ይህን የሰበሩ አሉ፦ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር አባላት ሸክሙን ትተው ሽመና ገብተዋል። ሽመና እኮ እኛ ጋ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚሄድ ሙያ ነበር!

«ታዲያ የራስህን ሥራ ፍጠር» ይባላል። ባንክ ብትሄዱ የቤት ካርታ ይጠይቃል። የ22 ዓመት ልጅ ካርታ ከየት ያመጣል? ያው ከአባቱ። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ወጣት ነበር።

ለቅጥሩ ግን መላ አለው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሠራተኛ እምነት ቢያጎድል ኪሣራውን የሚሸፍን ዋስትና ይሸጣሉ። አሠሪው አረቦን ይከፍላል፣ አመልካቹ ደመወዝተኛ ዘመድ ፍለጋ አይዞርም። ብዙ አሠሪ የማይገዛው፣ በእኔ ግምት፣ የአባት ፊርማ በነፃ ስለሚገኝ ነው።